ዕዳው በአዋጅ፣ ሽያጩ በጓዳ



በቀደም ማታ በመኝታ ቤታችን መብራት ድንገት ጠፋ። ፈተና ተቃርቦ ነበርና ሻማ ያለው ሻማውን አበራ፤ የሌለው ወደ ጓደኛው አልጋ ተጠጋ። በጨለማ ውስጥ ወሬ ይበዛል፤ አንዱ «መብራቱ የት ሄደ?» ቢል ሌላው «ኬንያ!» ሲል መለሰለት፤ ሁላችንም ሣቅን። ሣቁ ሲበርድ ግን ከደቡብ የመጣ አንድ ጓደኛችን እንዲህ ሲል አጫወተን። «አያቴ ከደጃፏ ባሻገር የቆመውን የብረት ምሰሶ እያየች፣ ይህ ሽቦ ወዴት ነው የሚሄደው? ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ኬንያ ነው አልኳት። እኛ ዘንድ አይቆምም? አለችኝ። አይቆምም አልኳት። እንግዲያው ማን ፈቀደለት? አለችኝ። ይህን ግን መመለስ አቃተኝ።»

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ለአያቲቱ የሚሆን መልስ ስንፈልግ ነው። ነገሩ የሕግ ነገር ነውና «የሕግ ተማሪዎች ይጨነቁበት» የሚለን ይኖራል። የሽቦ ነገር ነውና «ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ተዉት» የሚለንም አይጠፋም። እኛ ግን ነገሩ የሁላችንም ነው እንላለን። ምሰሶው የቆመው በሁላችን ዕዳ ነው፤ በሽቦው ውስጥ የሚሄደውም ኃይል ከሁላችን ወንዝ የወጣ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንጀምር። አገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከድንበር ውጭ መሸጥ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ጅቡቲ፣ ቀጥሎም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን መስመር ተዘርግቶ ኃይል ተሽጧል። ትልቁ ግን ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በቦረና በኩል ድንበሩን ተሻግሮ ናይሮቢ አካባቢ እስካለችው ሱስዋ የሚደርሰው መስመር ነው። ርዝመቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ኃይሉ የሚሄደው በ500 ኪሎ ቮልት ነው፤ ሊሸከም የሚችለውም እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ነው። ለሁለቱ አገሮች ሥራ በጠቅላላው ከ1.2 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተመድቦለት፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ከዓለም ባንክ፣ ከአፍሪካ ልማት ባንክና ከፈረንሳይ የልማት ድርጅት በብድር ተገኘ። የሽያጩ ውል በ2014 ዓ.ም. ተፈርሞ ኃይሉ በ2015 ዓ.ም. መፍሰስ ጀመረ። ውሉ የ25 ዓመት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋ ዋት እንዲሆን ነው የተዋዋሉት። ዛሬ ከመካከላችን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሆነው፣ ውሉ ሲያልቅ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንምጣ። ብድሩን የሚፈቅደው ማን ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 12፣ አስፈጻሚው አካል የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል ይላል። ሥርዓቱም በአዋጅ ቁጥር 1024/2009 ተዘርዝሯል። መንግሥት ከውጭ ሲበደር የብድሩ ስምምነት ምክር ቤት ይቀርባል፤ በአዋጅ ይጸድቃል፤ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። ማናችንም ወደ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ስንት እንደ ተበደርንና በስንት ዓመት እንደምንከፍል ልናነብ እንችላለን። መልካም ነው፤ እንዲህም ሊሆን ይገባል።

ሽያጩስ? ኃይሉ የተሸጠው በሁለት መንግሥታት ስምምነት አይደለም፤ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና በኬንያ የመብራት ኩባንያ መካከል በተደረገ የንግድ ውል ነው። የንግድ ውል ነውና እንደ ብድሩ ምክር ቤት ቀርቦ በአዋጅ አይጸድቅም፤ በነጋሪት ጋዜጣም አይወጣም። በእርግጥ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ የሚሸጥ ሁሉ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን ይህ ፈቃድ በጠያቂና በፈቃጅ መካከል በወረቀት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ዋጋው በአደባባይ የሚመረመርበት፣ መስመሩ የሚያልፍበት ባላገር ስለ ሽያጩ የሚጠየቅበት ጉባኤ የለውም።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉልን። ዕዳው በአዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ ሽያጩ ግን የድርጅት ሆኖ ቀረ። ከፋዮቹ እኛ ስለ ሆንን ስንት እንደምንከፍል ተነገረን፤ ተቀባዮቹስ እኛ አይደለንምን?

የዋጋውን ነገር ከየት እንደ ሰማነው ታውቃላችሁ? ከናይሮቢ ጋዜጦች ነው። በኬንያ ሕግ እንዲህ ያለ የግዢ ውል በአገሩ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ፊት ቀርቦ ሳይጸድቅ አይጸናም። ስለዚህ የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም መሆኑን ጋዜጦቻቸው ጻፉት፤ ሕዝቡም ከሌላው የኃይል ምንጫቸው ጋር እያስተያየ ተከራከረበት። እኛም የገዛ ልጁን ሠርግ ከጎረቤት እንደሚሰማ አባት ሆነን ወሬውን ከዚያ ለቀምን።

ዋጋው ረክሷል ወይም ተወዷል ብለን በዚህ ገጽ አንፈርድም። ለመፍረድ ውሉን ማየት ያስፈልጋል። ገዢው የተዋዋለውን ያህል ባይወስድ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? ድርቅ መጥቶ ግድቦቻችን ቢጎድሉና ማድረስ ቢያቅተን ቅጣቱ ስንት ነው? ጠብ ቢነሣ ዳኝነቱ የት ነው? ከዓመታት በኋላ ዋጋው የሚከለሰው በምን ደንብ ነው? የኢኮኖሚክስ ተማሪ ይህን ሳያነብ ስለ ውሉ ምን ሊጽፍ ይችላል? መምህሩስ ምን ብሎ ያስተምረዋል? በሌላ አገር ውል እየተማርን የገዛ አገራችንን ውል ሳናይ ልንመረቅ ነው።

ከዋጋው ወደ መሬቱ እንውረድ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43፣ ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 92ም ይህንኑ ያጠነክረዋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ዘገባ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብ አዟል። መሬቱ የተወሰደበት ሰው ካሣ የሚያገኝበትና አቤት የሚልበት መንገድ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተደንግጓል። ሕግ የለንም አንልም፤ ሕጉ ግን እንደ ተበታተነ ብር በየኪሱ ነው። አንዱ ስለ መሬት፣ አንዱ ስለ ጢስና ስለ ወንዝ፣ አንዱ ስለ ፈቃድ ወረቀት ይናገራል። ሁሉን ሰብስቦ «ይህ መስመር ድንበር ይሻገር ወይስ አይሻገር? ይሻገር ከተባለስ በምን ግዴታ?» ብሎ በአንድ አደባባይ የሚጠይቅ ሕግ ነው የጠፋው።

የሶዶው መስመር ሲሠራ ባላገሩ ጭራሽ አልተጠየቀም ማለት ሐሰት ይሆናል። አበዳሪው የዓለም ባንክ ሰው ከመሬቱ ሲነሣ የሚመክርበትና የሚካሥበት የራሱ ደንብ ስላለው በዚያ ደንብ መሠረት ጥናትና ምክክር ተደርጓል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። የገዛ አገራችን ባላገር መጠየቁ በአበዳሪ ደንብ ላይ ለምን ይንጠለጠላል? የአበዳሪ ደንብ ከአበዳሪው ጋር ይመጣል፤ ከአበዳሪውም ጋር ይሄዳል። ነገ ሌላ መስመር እንዲህ ያለ ደንብ ከሌለው አበዳሪ በተገኘ ገንዘብ ቢሠራ፣ ያኔ ስለ ሽያጩም ስለ መስመሩም የሚጠይቀን ማን ነው?

የቦረናን ነገር ደግሞ አስቡት። ቦረና በድንበሩ በዚህም በዚያም ይኖራል። ቋንቋው አንድ ነው፤ ገዳው አንድ ነው፤ ከብቱ ዝናብ ተከትሎ ሲሻገር ኖሯል። በአንድ ሽቦ ሥር ሁለት ወንድማማች ቢኖሩ፣ አንዱ ስለ ግጦሹ በኢትዮጵያ ሕግ፣ ሌላው በኬንያ ሕግ ይጠየቃል፤ ካሣው ይለያያል፤ አቤት የሚሉበት ደጅ ይለያያል። ሽቦው ድንበሩን ያለ ፓስፖርት ሲያልፍ የባላገሩ መብት ግን ኬላው ላይ ቆሞ ይቀራል። የአውሮፓ አገሮች ይህን ችግር አይተው እ.ኤ.አ. በ1991 በፊንላንድ ከተማ በኤስፖ ስምምነት አደረጉ። አንዱ አገር ወደ ጎረቤቱ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሥራ ሲያስብ ለጎረቤቱ አስቀድሞ እንዲነግር፣ የጎረቤቱም ሕዝብ እንደ ገዛ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይገደዳል። በእኛ በኩል የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ትስስር ጉባኤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ መሥሪያ ቤቱም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። መረቦቹ የሚገናኙበት የቴክኒክ ደንብም አዘጋጅቷል። ለሽቦው ደንብ የጻፈ ጉባኤ ከሽቦው ሥር ላለው ሰው ደንብ ቢጽፍ ማን ይከለክለዋል?

አሁን ተቃዋሚዎቻችንን እንስማ።

በመጀመሪያ ከእኛው መካከል ያለውን ወገን እናንሣ። «የኢትዮጵያ ጎጆ ሁሉ ሳይበራ አንዲት ዋት ለውጭ አትሸጥ» ይላል። ልቡ ቅን ነው፤ ነገሩን ግን አልመረመረም። ከሕዝባችን ግማሽ የሚያህለው ዛሬም ያለ ኤሌክትሪክ እንደሚያድር እናውቃለን። ጎጆው የጨለመው ግን በግድቡ ኃይል እጦት ብቻ አይደለም። ወደ መንደሩ የሚያደርሰው መስመር፣ ትራንስፎርመሩ፣ ቆጣሪው ስለ ሌለ ነው። የዚያን ማታ የእኛ መኝታ ቤት የጨለመውም ኬንያ ስለ በራች አይደለም፤ በሠፈራችን መስመር ብልሽት ነው። ትራንስፎርመር ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። በክረምት ውሃው ሞልቶ ሲፈስ ገዢ ያጣ ኃይል ለማንም ጎጆ አይበራም። ስለዚህ «አይሸጥ» አንልም፤ «ይሸጥ፤ ነገር ግን በአደባባይ ይሸጥ» እንላለን።

እዚህ ላይ ለአያቲቱ የመጀመሪያ ጥያቄ እንመልስ። የሶዶና የሱስዋ መስመር እንደ ሌላው መስመር አይደለም። የኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችን ዲሲ የሚሉት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው የሚሸከመው። ይህ ዓይነቱ የተመረጠው በረጅም መንገድ የሚባክነው ኃይል ጥቂት ስለ ሆነና፣ የአንዱ አገር መረብ ሲናወጥ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ስለሚረዳ ነው። ጉድለቱ ግን ከመንገድ ላይ ቆንጥሮ ለመንደር ማካፈል አለመቻሉ ነው። ለማካፈል በሁለቱ ጫፎች እንዳሉት ያለ ትልቅ መለወጫ ጣቢያ መሥራት ያስፈልጋል፤ ወጪውም በአንድ መንደር ብርሃን የሚመለስ አይደለም። እንግዲህ ሽቦው በአያቲቱ ደጅ ሊቆም አይችልም። ሽቦው ሊቆም ካልቻለ ግን ገንዘቡ ይቁምላት! ከሽያጩ የተወሰነ ድርሻ በሕግ ተለይቶ፣ ምሰሶ የቆመባቸውን ቀበሌዎች በሌላ መስመር ለማብራት ይዋል። ይህን «ልማታዊ ቸርነት» ብሎ የሚጠራው ቢኖር ተሳስቷል። በመሬቷ ላይ ምሰሶ የተሸከመች ሴት የምትቀበለው ኪራይ ነው።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «ሕግና ጉባኤ ልማትን ያዘገያል፤ ጎረቤቶቻችንም ጥለውን ይሄዳሉ» ይላል። የዚህን መልስ አባቶቻችን አስቀድመው ሰጥተውታል፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ነገሩን ግን በተረት ብቻ እንዳንተወው አንድ ምሳሌ ከአሜሪካ እናምጣ። በዚያ አገር ድንበር ለሚሻገር የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ፈቃድ ሲሰጥ የኖረው ምክር ቤቱ ባወጣው ሕግ አልነበረም፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1968፣ ፕሬዚዳንት ቡሽም በ2004 ባወጡት ትእዛዝ ነበር። አንድ የካናዳ ኩባንያ ኪስቶን ኤክስ ኤል የተባለውን ቧንቧ ከካናዳው አልበርታ ወደ አሜሪካ ለመዘርጋት በ2008 አመለከተ። ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2015 ከለከሉ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ2017 ፈቀዱ፤ በፍርድ ቤት ክርክር ሲሰናከል በ2019 በራሳቸው ፊርማ እንደ ገና ፈቀዱ። ፕሬዚዳንት ባይደን ሥልጣን በያዙበት ቀን፣ በጃንዋሪ 20 ቀን 2021 ሰረዙት። በዚያው ዓመት በጁን ኩባንያው ሥራውን ተወ። ዐሥራ ሦስት ዓመት! የነብራስካ ገበሬ መሬቴ ይወሰዳል ወይስ አይወሰድም እያለ ዐሥራ ሦስት ዓመት ተሰቀቀ፤ ኩባንያውም ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ባዶ እጁን ቀረ። ቧንቧው ጠቃሚ ነበር ወይስ ጎጂ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኛ የምንማረው፣ በአንድ ሰው ብዕር የተሰጠ ፈቃድ በሌላ ሰው ብዕር እንደሚነሣ ነው።

አሜሪካኖችም ይህን አይተውታል። የተወካዮቹ ምክር ቤት በ2014ና በ2017 ሥልጣኑን ከፕሬዚዳንቱ እጅ አውጥቶ በሕግ ለተቋቋሙ መሥሪያ ቤቶች የሚሰጥ ረቂቅ አሳልፎ ነበር፤ ሴኔቱ ግን አላጸደቀውም። ረቂቁን ግን እንዳለ ቅዱልን አንልም። የ2014ቱ ረቂቅ የአካባቢ ምርመራው ባለቀ በ120 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ያዝ ነበር፤ ይህ መልካም። ነገር ግን ፈቃድ የሚያስፈልገውን ክፍል በድንበሩ ላይ ባለችው ቁራጭ ብቻ ወሰነው። ሺህ ኪሎ ሜትር መስመር ተዘርግቶ፣ ወንዝና እርሻ ተሻግሮ፣ የሚመረመረው ኬላው አጠገብ ያለው ጥቂት ሜትር ነው ማለት ነው! እንዲህ ያለው ሕግ በስሙ ሕግ ነው፤ በግብሩ ግን በሩን ከፍቶ ቁልፉን ብቻ መጠበቅ ነው። የእኛ ሕግ ሲወጣ ከዚህ ወጥመድ እንዲጠበቅ ከወዲሁ እናሳስባለን።

ሕግ ሁሉ ያዘገያል የሚለውን ደግሞ አውሮፓ ትመልስለት። የአውሮፓ ኅብረት አገር ከአገር የሚያገናኙ የኃይል መስመሮችን በሚመለከት በ2013 ባወጣው ደንብ፣ የፈቃዱ ሥራ ከሦስት ዓመት ተኩል እንዳይበልጥ ወስኗል። ጉዳዩን የሚያስተባብር አንድ መሥሪያ ቤት በየአገሩ እንዲሠየም፣ ከማመልከቻው በፊትም ቢያንስ አንድ ጊዜ ሕዝብ እንዲጠየቅ አዟል። ጊዜ ገደብና ጉባኤ በአንድ ደንብ ውስጥ አብረው ተቀመጡ እንጂ አልተጣሉም። የእኛውና የኬንያው መስመርስ? ብድሩ በ2004 ዓ.ም. ተፈቅዶ ኃይሉ የፈሰሰው በ2015 ዓ.ም. ነው። ይህን ያህል ዓመት ሲወስድ ያዘገየው የሕዝብ ጉባኤ ነበርን?

ሦስተኛው ተቃዋሚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዋጋ የንግድ ምሥጢር ነው» ይላል። ገዢው ያወቀውን፣ የገዢው ሕዝብ በጋዜጣ ያነበበውን፣ ባለቤቱ ብቻ የማያውቀው ምሥጢር ምን ዓይነት ምሥጢር ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። የመረጃ ነጻነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000ም በመንግሥት እጅ ያለ መረጃ በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ነው ብሎ ይነሣል። ገና በድርድር ላይ ያለ ዋጋ ይደበቅ፤ ይገባናል፤ ገበያ የሚወጣ ሰው የመጨረሻ ዋጋውን አስቀድሞ አይናገርም። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ግን ምሥጢሩ የሚጠብቀው ንግዱን አይደለም፤ ፈራሚውን ነው።

ይህን ሁሉ አሁን የምንጮኸው ለምን ይመስላችኋል? ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኅዳሴ ግድባችን ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ለዚህ ግድብ መምህሩ ከደመወዙ ሰጠ፤ ነጋዴው ቦንድ ገዛ፤ ባላገሩ ከእህሉ ሸጦ አዋጣ፤ ብዙዎቻችንም በልጅነታችን ከቁርሳችን ቀንሰን አዋጥተናል። እንዲህ ያለው ኃይል ሲበዛ ድንበር የሚሻገረው መስመርም ይበዛል። ወደ ደቡብ ሱዳን ስለሚዘረጋው ሲወራ ቆይቷል። ኬንያና ታንዛንያም መረባቸውን ስላገናኙ የእኛ ኃይል በአንዱ አገር በኩል ወደ ሌላው የሚያልፍበት መንገድ ተከፍቷል። ዛሬ ባለን ልማድ ብንቀጥል ነገ ዐሥር ውል በዐሥር ቢሮ ይፈረማል፤ የሚያሥረን ግን ሁላችንን ነው። ያዋጣ ሰው ባለቤት ነው፤ ባለቤትም ንብረቱ በስንት እንደ ተሸጠ ይጠይቃል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

1ኛ. ድንበር የሚሻገር የኤሌክትሪክ መስመር፣ የጋዝና የነዳጅ ቧንቧ የሚፈቀድበት ራሱን የቻለ አንድ አዋጅ ይውጣ። ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ጉዳዩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ፊት በግልጽ ስብሰባ ይሰማ። የሚመረመረውም መስመሩ ከተነሣበት እስከ ኬላው ያለው ሁሉ እንጂ ኬላው ብቻ አይሁን።

2ኛ. የተፈረመ የሽያጭ ውል ዋናው ፍሬ ነገር፣ ማለት ዋጋው፣ መጠኑ፣ ዘመኑ፣ የክለሳው ደንብ፣ የቅጣቱና የዳኝነቱ ሁኔታ፣ በ30 ቀን ውስጥ በአማርኛና መስመሩ በሚያልፍበት አገር ቋንቋ ታትሞ ይውጣ።

3ኛ. መስመሩ በሚያልፍባቸው ወረዳዎች ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የሰጠው ሐሳብና የተሰጠው መልስም በጽሑፍ ይቀመጥ። በድንበሩ ግራና ቀኝ ለሚኖሩ ወገኖች ከጎረቤት መንግሥት ጋር በመስማማት የጋራ ጉባኤና የጋራ አቤቱታ ሰሚ ይቋቋም።

4ኛ. ከሽያጩ ገቢ በአዋጅ የተወሰነ ድርሻ ምሰሶ የቆመባቸውን ቀበሌዎች ለማብራት ይለይ፤ ሒሳቡም በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ይቅረብ።

5ኛ. ለፈቃዱ ሥራ የጊዜ ገደብ ይደረግ። መፍቀድም ሆነ መከልከል፣ የተሰጠውንም መሰረዝ፣ ምክንያቱ ተጽፎ፣ በፍርድ ቤት ይግባኝ የሚባልበት ይሁን። ይህ ለባላገሩ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን ለሚያፈሰውም ይጠቅመዋል።

የሕግ ክፍል ጓደኞቻችን ረቂቅ ይጀምሩልን፤ የሞት ኮርት ክርክራቸውን አንድ ጊዜ ለዚህ ጉዳይ ቢያውሉት ምን ይጎዳቸዋል? የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የ25 ዓመቱን ሒሳብ ያስሉልን። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ስለ ዲሲው የተሳሳትነው ቢኖር ያርሙን። የማይስማሙ መምህራንም በሚቀጥለው እትም በዚሁ ገጽ ይመልሱልን፤ ቃላቸውን ሳንቆርጥ እናትማለን።

ጓደኛችን ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲወርድ አያቱ ያንኑ ጥያቄ መድገሟ አይቀርም። «አይቆምም?» ለሚለው ስለ ዲሲው አስረድቶ ይመልስላት ይሆናል። «ማን ፈቀደለት?» ለሚለው ግን ዛሬ ሊሰጣት የሚችለው መልስ «የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው ውል» የሚል ነው። ይህን መልስ ይዞ እንዲሄድ አንፈልግም።